ለአንድ ቀን የሚቀለብ ፈረስ

ደላላው አውራ ጣቱን ጥርስ ከሌለበት የአፍ ጥግ አስገብቶ፣ ምላሱን ወደ ጎን ሳበና የዳማውን የታች የፊት ጥርሶች ለገዢው አሳየ። ፈረስ አምስት ዓመት ሲሆነው የወተት ጥርሶቹን ጥሎ ይጨርስና አፉ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ በታች የፊት ጥርሶቹ አናት ላይ ያለችው ጥቁር ጉድጓድ ዓመት በዓመት እየተፋቀች ስለምትሄድ፣ የሚያውቅ ሰው ዕድሜውን እምብዛም አይስተውም። ስምንትን ካለፈ ግን ጥርሱ እየረዘመና ወደ ፊት እየዘመመ ከመሄዱ በቀር ቁርጥ ያለ ምልክት አይሰጥም። ይህ የዳንግላ ገበያ ዳማ እዚያው ወሰን ላይ ነበር። ባለቤቱ «ስምንት» አለ። ገዢው ጥርሱን ጎንበስ ብሎ አየና ፈገግ አለ።

«ስምንትስ ስምንት ነበር፤ አምና።»

ቀጥሎ መዳፉን ኮርቻ በሚያርፍበት ጀርባ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ። የዳነ ገጣባ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል፤ ነጩን በቀለም የሚያጠቁር ሻጭም አይጠፋ፣ ስለዚህ ዓይን ብቻ አይበቃም፣ እጅ ያስፈልጋል። የነጠላውን ጫፍ ከፈረሱ ዓይን አጠገብ ወለብ አደረገ። የኋላ እግሮቹን ተራ በተራ እያነሳ ሰኮናውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። አንድ ልጅ ያለ ኮርቻ ተፈናጦ ጠጠሩ ላይ አስሮጦ ሲመልሰው፣ ገዢው ጆሮውን ወደ ጎድኑ አስጠግቶ ትንፋሹን አዳመጠ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ዋናውን ጥያቄ የጠየቀው።

«ጥር ላይ ወጥቶ ያውቃል?»

የአዊ ሰው የዚህን ጥያቄ ክብደት ያውቀዋል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከጓጉሳ ሽኩዳድ፣ ከዳንግላና ከሌሎቹም ወረዳዎች የሚመጡ ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ይገናኛሉ። ጉግሱ፣ ሽርጡ፣ ስግሪያው፣ ግልቢያው በሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ይታያል። እዚያ የወጣ ፈረስ ጩኸት ለምዷል፤ ከጎኑ ሌላ ፈረስ ሲያልፈው አይደነብርም፤ በሙሉ ፍጥነት እየጋለበ ሳለ ልጓሙ ሲሳብ ይዞራል። እዚያ ያልወጣ ፈረስ የቱንም ያህል መልከ መልካም ቢሆን ገና ያልተፈተነ ነው። ዋጋውም እንደዚያው ይለያያል።

እኔን የሳበኝ ግን የገዢው ጥያቄ ሳይሆን የሻጩ ነገር ነበር። ጥር ላይ የወጣ፣ የሠለጠነ፣ ጌጡ የተሟላ ፈረስ ያለው ሰው ለምን ገበያ ያወጣዋል? እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ይህን ጥያቄ በየቤታቸው የሚያብሰለስሉ ብዙ ናቸው። ፈረሱ በዓመት ጥቂት ቀን ይወጣል፣ ሌላውን ጊዜ ቆሞ ይበላል። ልጆች ይሸጥ ይላሉ፣ አባት ዝም ይላሉ።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን ልብ ይሏል፤ የጣሊያን ጦር ገና ከአገር አልወጣም ነበር። የማኅበሩ መነሻ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ፣ በኋላም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከሰው እኩል የተሰለፉትንና የወደቁትን ፈረሶች ማሰብ ነው። የዓድዋው ድል በጊዮርጊስ ቀን መዋሉ፣ ቅዱሱም በነጭ ፈረስ ላይ የሚሣል መሆኑ ነገሩን አጽንቶታል። ማኅበሩ ከጥቂት ሰዎች ተነስቶ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል። ሥራውም የበዓል ትርኢት ብቻ አይደለም። አባል ሲሞት ፈረሰኛው ተሸልሞ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሰርግ ያጅባል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ሰባቱ ቤት አገው የሚባሉት አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚጋም አንድ ሜዳ ላይ የሚተያዩበት ጊዜም ይኸው ነው።

  

በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚወጣ ፈረስ ትርፍ ነገር ነው የሚለው ሐሳብ ትክክል የሚመስለው ታሪኩን ለማያውቅ ነው። በድሮው ወግ ባላባት መንገድ የሚሄደው በበቅሎ ነው። ሰጋር በቅሎ ቀኑን ሙሉ ሳትደክም፣ ሳታንገላታ ታደርሳለች። ከ1917 እስከ 1926 ዓ.ም. ገደማ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን እንኳን የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዙሪያ ያጠናው በቅሎ አስጭኖ ነው። ፈረሱ ግን ከጎን ይሳባል፤ ኮርቻው በግላስ እንደተሸፈነ፣ ማንም ሳይቀመጥበት። የሚወጡበት ጦርነት ሲገጥም ወይም ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርቡ ነው። ሚኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በዚያው ለጥቂት ሰዓት በሚወጣ ፈረስ ስም ነው። የጦር ፈረስ ድሮም ዓመቱን ሙሉ ተቀልቦ ለአንድ ቀን የሚወጣ ነበር። ብዙ አለመውጣቱ ጉድለቱ ሆኖ አያውቅም። ድሮና ዘንድሮን የለየው ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ለመቀለብ የተመደበ ሰው ነበር፣ ግጦሹም ሰፊ ነበር።

ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ዘንገና ሐይቅ ከመድረሱ በፊት ካሉት መንደሮች በአንዱ ያሉ አባወራ ይህን ለውጥ በራሳቸው ጓሮ ያዩ ናቸው። ስድሳን አልፈዋል። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ በእርካብ ተንጠላጥለው መውጣት አቅቷቸዋል። ታላቅ ልጃቸው ባሕር ዳር ያስተምራል። ታናሹ እንጅባራ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ሴት ልጃቸው አግብታ አዲስ ቅዳም ናት። ከቤቱ ጀርባ፣ ከድርቆሹ ክምር አጠገብ ግንባሩ ቦቃ የሆነ መጋላ ፈረስ ታስሯል፤ አፉ ከሞላ ሁለት ዓመቱ ነው። ለሦስት ጥር ወጥቷል። ያለፈው ጥር ግን ጋላቢ አልነበረውምና ከታሰረበት ሆኖ የሌሎቹን ኮቴ እየሰማ ሲያሽካካ ዋለ ይላሉ ባለቤታቸው።

ታናሹ ልጅ ሲያስረዳ እንደ ሾፌር ነው። «አባባ፣ እስቲ ያስቡት። እኔ ባጃጁን አንድ ቀን ካቆምኩት የቀኑ ገቢ ቀረ ማለት ነው። እሱ ዓመቱን ሙሉ ቆሟል።»

አባት አልመለሱለትም። ወደ ፈረሱ ሄደው ጋማው ውስጥ የተሰካ ጭጎጎት አወጡለት።

የልጁ ሒሳብ ስሕተት የለበትም። አንድ የደጋ ፈረስ 250 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል ቢባል፣ በቀን ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እስከ ሁለት ተኩል የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ይህ በቀን አምስት፣ ስድስት ኪሎ ነው፤ በዓመት ሃያ ኩንታል። ከዚህ ውስጥ ክረምቱን ከመስክ የሚያገኘው አለ፤ ከጥር እስከ ግንቦት ያለው ግን ከክምሩ የሚወጣ ነው። ለግልቢያ የሚዘጋጅበት ሰሞን ገብስ ወይም ባቄላ ይጨመርለታል። በቀን ከሃያ እስከ ሠላሳ ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ ወንዝ ካልወረደ የሚቀዳለት ሰው አለ ማለት ነው። ፋንድያውን የሚጠርግ፣ ጀርባውን የሚያሽ፣ ሰኮናውን የሚያይ ሰው አለ። ከመኖው ይልቅ የሚከብደው ይህ ሰው ነው፤ ምክንያቱም መኖ ይገዛል፣ ማልዶ የሚነሳ ልጅ ግን በገንዘብ አይገኝም። ድሮ ይህን የሚያደርጉት ከብት ጠባቂ ልጆች ነበሩ። ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ይህም ደግ ነው።

የሣሩን ነገር ለማየት ወደ ፋግታ ለኮማ መሻገር ነው። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በዚያ ወረዳና በባንጃ ገበሬው መሬቱን ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዓይነት ሸፍኖታል። አሠራሩ ብልሃት አለው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ከሥሩ የበቀለው ሣር ይታጨዳል። ከዚያ ዛፉ ጥላ ያጠላና ሣሩ ይጠፋል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም በጆንያ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። አሲድ የበላው፣ እህል አልሰጥ ያለ መሬት በዚህ ዘዴ ገንዘብ ሰጥቷል፤ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። ማንም ይህን አይነቅፍም። ነገር ግን የፈረስ መስክ የነበረው ዳገት ዛሬ ደን ነው። ለፈረስ የተረፈው በሁለተኛው ዓመት የሚታጨደው ሣር ነው፤ እሱንም ላም ትቀድመዋለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ አንዳንዱ መሬት ወደ እህል ተመልሷል፤ ወደ ግጦሽ የተመለሰ ግን አላየሁም።

በሌላ ወገን ደግሞ የቆመ ፈረስ በልቶ ዝም አይልም፤ ይበላሻል። ይህ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ገብስ እየተሰጠው ቀናት ከታሰረ እግሩ ያብጣል፤ መኖው ከበዛ ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ይቆጣና ፈረሱ መራመድ ያቅተዋል፤ አንዳንዱ ከዚያ በኋላ ፈጽሞ አይሮጥም። መሬት የማይፍቀው ሰኮና ይረዝማል፣ ይሰነጠቃል። ጠባዩም ይለወጣል፤ ይነክሳል፣ ይራገጣል፣ በቦታው ይወዛወዛል። ከሁሉ የከፋው ግን ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ አስሮት ኖሮ የጥምቀት ሰሞን ፈትቶ ወዲያው ሲያስጋልበው የሚሆነው ነው። ልቡና ሳንባው በጥቂት ሳምንት ይበረታሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ይዘገያሉ። ፈረሱ መሮጥ ይችላል፣ ጅማቱ ግን አልተዘጋጀም። ጥር 23 ሜዳ ላይ የሚያነክሱት ብዙዎቹ ከዚህ የተነሳ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለዚያች ቀን የሚወጣ ፈረስ ቢያንስ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሊሠራ ይገባል፤ በመጀመሪያ ርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ ግልቢያ። በሌላ አነጋገር የአንድ ቀን ፈረስ የሁለት ወር ጋላቢ ይፈልጋል። መጋላው ያጣው እሱን ነው።

በውጭ አገር ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች አሉ። መኪናቸውን ለመንገድ ሳይሆን ለመሮጫ ሜዳ ብቻ ያዘጋጃሉ። ሞተሩን ያሻሽላሉ፣ የኋላ ወንበሩን ያወጣሉ፣ ሲገለበጥ ሰው የሚያድን የብረት ቀፎ ይገጥሙለታል፣ ከዚያ በዓመት ጥቂት ቀን ነድተው ጋራዥ ይቆልፉበታል። መኪናም ቆሞ አይድንም፤ ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ሳይነዳ ይደርቃል፣ የፍሬኑ ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ሲሸጡት ደግሞ ያወጡበትን አያገኙም። የሚገዛው ሰው የሞተሩን ማሻሻያ ዋጋ አይከፍልም፤ እንዲያውም በሌላ እጅ የተነካካ ነው ብሎ ይቀንሳል። ስለዚህ ብልሆቹ የተጨመረውን ዕቃ ፈትተው ለየብቻ ይሸጡና መኪናውን ወደ ፋብሪካ መልኩ መልሰው ያቀርቡታል። እኛ አገር መኪና ሲያረጅም ዋጋው ስለሚወጣ ይህ ጭንቀት እምብዛም አይገባንም፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህማ ያለውን አጥብቆ መያዝ በዝቷል። ፈረስ ግን አፉ ሞልቶ እስከ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው ዋጋው። ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ወደ ታች ነው፤ ምንም እንኳ እስከ ሃያ አምስት ዓመት ሊኖር ቢችልም።

የጌጡ ነገር ከመኪናው ማሻሻያ ጋር አንድ ነው። ከእንጨት ተጠርቦ ቆዳ የለበሰ፣ ፊቱና ኋላው ከፍ ያለ ኮርቻ፤ በባዶ እግር ለሚጋልብ የአውራ ጣት ማስገቢያ የምትሆን ቀለበት እርካብ፣ ዛሬ በአብዛኛው በሰፊው እርካብ የተተካች፤ ልጓም፣ ዛብ፣ ወዴላ፤ ግንባርና ደረት ላይ የሚውል ባለቀለም ክርና ጨርቅ፤ አንገት ላይ ቃጭል። ይህ ሁሉ በዓመታት አንድ በአንድ የተገዛ፣ አንዳንዱም ከአያት የወረደ ነው። ከፈረሱ ጋር አንድ ላይ ቢጠራ ገበያ ላይ እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ለየብቻው፣ በተለይ ታኅሣሥ ላይ፣ ጥር የቀረበበት ፈረሰኛ ሲፈልገው ግን ዋጋውን ያገኛል። አባወራው ይህን ያውቃሉ። ኮርቻውን ግን ለገበያ አያወጡትም። የአባታቸው ነው።

ገዢ ስንል አንድ ሰው አይደለም። ጥር ላይ የሚጋልብ ወጣት ይገዛል፤ እሱ ጥሩ ይከፍላል፣ ፈረሱም ዕጣው አይከፋም። ጭነት የሚያስጭን ገበሬ ይገዛል፤ ድንችና ከሰል ወደ መኪና መንገድ የሚያወርድ። የጋሪ ባለቤትም ይገዛል። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ጋሪ ሰው መጫኑን እየተወ ጆንያና ጡብ ወደ መጫን ዞሯል፤ ለፈረሱ ግን ይህ የባሰ ሥራ ነው። ለጉግስ የተሠራ ፈረስ ጋሪ ላይ አይበረክትም። ቁመናው ለመፍጠን እንጂ ለመጎተት አልሆነም፤ ደግሞም ልጓም ሲሳብ እንዲዞር፣ ጩኸት ሲሰማ እንዲነሳ ተምሯል። አስፋልት ላይ፣ ከአይሱዙ ጥሩምባ አጠገብ ይህ ትምህርት ዕዳ ነው። ባለቤቱ «ዓይኔ እያየ ጋሪ ላይ» የሚለው ስሜት ብቻ አይምሰለን፤ በሙያም ልክ ነው።

ባዝራ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ነበር። ባዝራ ባትጋለብም ትወልዳለች። አሥራ አንድ ወር ተሸክማ ከፈረስ ብትወልድ ውርንጭላ፣ ከአህያ ብትወልድ በቅሎ ትሰጣለች፤ በቅሎ ደግሞ በዚህ ደጋ ከፈረስ በላይ የምትፈለግ ናት። ባዝራ ያለውን ሰው ሽጥ ብዬ አልመክረውም። በእኩል መስጠትም ይቻላል፤ አንዱ ባዝራዋን ይሰጣል፣ ሌላው ይቀልባል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። ድንጉላ ፈረስ ግን የሚካፈሉት ነገር የለውም። የሚካፈሉት ግልቢያውን ነው፤ እሱም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ሰዉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለ፤ በአፍሪካ ይህን ያህል ያለው አገር ጥቂት ነው። አጥኚዎች ስምንት ዓይነት ብለው መድበዋቸዋል፤ የሰላሌው ለግልቢያ ስመ ጥር ነው፣ የሰሜኑ ደጋ ፈረስ ቁመቱ አጠር ያለ ሆኖ ዳገት የማይበግረው። ቁጥሩ ብዙ ቢሆንም ሕክምናው ጥቂት ነው። በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝናቡ ሲወጣና ተናካሽ ትንኞች ሲበዙ፣ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ይመጣል። ፈረሱ አመሻሽ ላይ ደህና ውሎ በነጋታው ከአፍንጫው አረፋ እየወጣ ይሞታል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ ወረዳ ድረስ ሲመጣ ማስከተብ የባለቤቱ ፈንታ ነው። መግዛት ያሰበ ሰው ስለ ጥርሱ ከመጠየቁ በፊት ስለ ክትባቱ ቢጠይቅ ይሻላል። ለመሸጥ ያሰበም እንዲሁ፤ ኅዳርን በጤና ያለፈ ፈረስ ገዢ ያምነዋል።

ከብዙ ባለፈረሶች ጋር ካወራሁ በኋላ የያዝኩት አቋም ይህ ነው። ፈረስ ብዙ ስለማይወጣ አይሸጥም። የሚያወጣው ሲጠፋ ግን ይሸጣል፤ እሱም በፍጥነት። በቤቱ ውስጥ በስሙ የሚታወቅ ጋላቢ ካለ፣ በኅዳር የሚያሠለጥነው ካለ፣ ሣሩም እስከ ግንቦት የሚደርስ ከሆነ፣ ሃያ ኩንታሉ ለማኅበር፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግ የሚከፈል ዋጋ ነውና አይቆጭም። ከዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ፈረሱን የሚያቆየው ይሉኝታ ነው። «ፈረሰኛ ነበሩ ይሉኝ» የሚል ይሉኝታ ፈረሱን አያጠግበውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሸጡ ላይ ሳይሆን ጊዜው ላይ ነው። አንድ ጥር፣ ሌላም ጥር እያለ ይቆያል፤ ፈረሱ ከስምንት ወደ አሥራ ሁለት ይሄዳል፣ ጀርባው ይሰፋል፣ ሰኮናው ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻ ሲሸጠው የሚገዛው የጋሪ ባለቤት ብቻ ይሆናል። ያን ሁሉ ዓመት ከጋሪ ሊያድነው ብሎ የያዘው ሰው በራሱ እጅ ለጋሪ ያደርሰዋል።

ወቅቱም ግልጽ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መግቢያ ጋላቢ ገዢ በገበያው ላይ አለ። ከጥር 23 በኋላ ያለው ሳምንት ከሁሉ የከፋው ነው፤ በበዓሉ የደከመው፣ ያነከሰው፣ ወጪ የበዛበት ሁሉ አንድ ላይ ገበያ ያወጣል፤ ሣሩም መመናመን ይጀምራል።

የመጋላውን ጉዳይ የፈታው ከሒሳቡ ይልቅ ከአዲስ ቅዳም የመጣው የሴት ልጃቸው ባል ነው። ከወንድሙ ጋር ሆኖ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ፈረሱን አየው። እሱ ራሱ ፈረሰኛ ነው፤ የእሱ ፈረስ በመስከረም ሞቶበታል። ሲመሽ እሳት ዳር ተቀምጠው ሌላ ሌላውን አወሩ፤ ስለ ድንች ዋጋ፣ ስለ መንገዱ። ከዚያ ነው ቀስ ብሎ ያነሳው።

«አያ፣ ለጥር ልውሰደውና ልሥራው። ከወደዱት እዚያው ይቅር፤ ካልሆነ ከበዓሉ በኋላ እመልሰዋለሁ።»

«መመለስ የለም» አሉ አባወራው። «ከወሰድከው ያንተ ነው። ዋጋውን ግን እንነጋገራለን። ዝምድና ሌላ፣ ፈረስ ሌላ።»

ባጃጅ ነጂው ልጅ ከጎን ሆኖ ፈገግ አለ። ባለቤታቸው ቡና እየቆሉ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ኮርቻውስ?» አሉ። መልስ አልተሰጠም። ዋጋው በሁለት ሽማግሌ ፊት እንዲነገር ተስማሙ፤ እንደ ወጉ ግማሹ አሁን፣ ሌላው ግማሽ የድንች ምርት ሲነሳ። አማቹ ኅዳር ሳይወጣ ሊወስደው ቀን ቆርጠዋል። ስምምነቱ ከፈረሰ ደግሞ እስከ የካቲት አይጠብቁም፤ ታኅሣሥ ላይ ዳንግላ ገበያ ያወጡታል፤ ክምሩ ከዚያ በላይ ለላምና ለፈረስ አይበቃም።